እሺ የሚል ሰው ፍለጋ

አባቴ በሰው ቤት ባለመቀመጥ የታወቀ ሰው ነበር። በእኛ አገር የተጣላ ሊያስታርቅ ወይም ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ «ግቡ» ሲሉት ይገባል፤ «ተቀመጡ» ሲሉት ግን አይቀመጥም። «የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብሎ ከበሩ አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። ባለቤቱ የቱንም ያህል ልቡ ቢደነድን፣ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሲውል ማየት ያሳፍረዋል። ጎረቤት ያያል፣ ሚስት ትቆጣለች፣ ልጆች ይሳቀቃሉ። ትንሽ ይግደረደራል፣ ትንሽ የበደሉን ያወራል፣ ከዚያ «እሺ፤ ለእናንተ ስል» ይላል። ያኔ ሽማግሌው ይቀመጣል፤ ነገሩም አለቀ ማለት ነው።

አባቴ በዚህ ሥራ ነው ያረጀው። ቤቱ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ አምባሰል ሽቅብ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ለሽምግልና ሲሄድ ሁልጊዜ አብረውት የሚሄዱት የሰፈሩ ቄስ ናቸው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ «የእኔ ዱዓ ካልደረሰ የእርስዎ ጸሎት ይደርሳል» ይባባላሉ። ቄሱ ወፈር ያሉ ስለሆኑ መቆሙ ይከብዳቸዋል። ወገባቸውን ይዘው «ግሸንን! አንተ ሰውዬ እግርህ የተሠራው ከወይራ ነው እንዴ?» ሲሉት አባቴ ይስቃል። አንድ ጊዜ ወንድሙ የተገደለበት ሰውዬ ዘንድ ደም ለማድረቅ ሄደው፣ ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ከጠዋት ጀምሮ አላናግርም አላቸው። አባቴ ውጭ ወጥቶ የዐስር ሶላቱን ሰገደና ተመልሶ እዚያው ቦታው ላይ ቆመ። ይሄኔ ሰውዬው ጮኾ አለቀሰና እሺ አለ። ይህን ታሪክ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ራሱ ግን አያወራውም፤ «ጉልበቴን የጨረሰው ያ ቀን ነው» ብቻ ይላል።

እኔ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ጅዳ ብዙ ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ ስመለስ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ የምጠብስባት ትንሽ ቤት ከፈትኩ። «ዓረብ አገር ኖራ መጥታ ዓሣ ትጠብሳለች» ብለው ሳቁብኝ፤ የሚስቁት ግን እየበሉ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሚያመጣው ቆሮሶ ዓሣ ግማሹን እኔ እጠብሳለሁ፤ ግማሹን እሱ በእርጥብ ደንገል ጠቅልሎ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ ይወስዳል። ወሬኛ ነው፣ ቀልደኛ ነው፤ ሹፌሩም ረዳቱም ያለ እሱ መንገዱ አይገፋልንም ይላሉ። እናታችን ስትሞት ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም። ልጅ የለኝም፤ ያለኝ እሱ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው ትልቁ ጦርነት ሲመጣ ሸሸን፣ ሲያልፍ ተመለስን። ክፉ ነበር፤ ብዙ ሰው በላ። ቢሆንም መምጣቱም መሄዱም ይታወቅ ነበር። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ሲጀመር ማንም ጦርነት ብሎ አልጠራውም። ወታደሮቹ «ጥቂት የሚጸዳ ነገር አለ» አሉ፣ ጫካ የገቡት «ጥቂት ታገሱን» አሉ። ምን ሲሆን እንደሚያልቅ የነገረን የለም። ወታደሮቹ አስፋልቱን ይይዛሉ፣ ጫካ ያሉት ዳገቱን ይይዛሉ፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ይገላበጣል። የሞተው ይቀበራል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሰው ሁሉ የዝሆኖቹንና የሳሩን ተረት ሲነግረኝ ያናድደኛል። ሳር እኮ ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል። ዝሆንም ሲደክመው ይሄዳል። ይሄ ጦርነት ግን ሳይጠራ ገብቶ፣ ማንም ተቀመጥ ሳይለው ተቀመጠ።

የአባቴ ዳገት ከቤቴ በር ላይ ይታየኛል። ፀሐይ ሲመታው የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል። ልሂድ ስል መንገድ የለም፤ ልደውል ስል ስልክ የለም። በሰው አገር ሳለሁ የቤቱ እመቤት በር ቆልፋብኝ ትወጣ ነበር። ያኔም ቢሆን የሚመለስ ሰው እንዳለ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ አውቅ ነበር። እዚህ አገሬ ላይ፣ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠፋኝ።

ወንድሜን ያጠፋው ዓሣው ነው። ወደ ውጫሌ ሲሄድ አንድ ቦታ ወታደሮቹ ያስቆሙታል፤ «ምን ይዘሃል?» ሲሉት ዓሣ ነው ይላል፣ ጥቂት ይወስዱለታል። ከፍ ብሎ ደግሞ ጫካ ያሉት ያስቆሙታል፤ እነሱም ዓሣ ይወዳሉ። እኔ «አንተ ልጅ፣ ሁለት ቦታ መብላት ሆድ ያማል» ስለው፣ «እኔ አልበላሁም፣ እነሱ ናቸው የበሉ። ዓሣው ደግሞ የማን እንደሆነ አይጠየቅ» ብሎ ይስቅብኛል። አንድ ቀን የወታደሮቹ መኪና ከእነሱ ኬላ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተመታ። በዚያች ጠዋት በዚያ መንገድ ያለፈው ወንድሜ ነበር። ከሚኒባሱ አውርደው ወሰዱት። ሹፌሩ ዓሣውን መልሶ አመጣልኝ፤ ጠረኑ ተቀይሮ ነበር።

ያሰሩት በአባቴ ዳገት ግርጌ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መንገድ በተከፈተ ቁጥር ምግብ ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ላይ የሚቆመው ወታደር ሳህኑን ይቀበለኛል፤ ባዶውን ሲመልስልኝ ወንድሜ በልቶት ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም። ማየት ክልክል ነው። ከእሱ በፊት የገባ የአንዲት ሴትዮ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሳህኗን «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሱላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። ከዚያ ወዲህ ባዶው ሳህን እስኪመለስልኝ ከበሩ አልነቃነቅም።

አባቴ ይህን ሲሰማ ነጭ ጋቢውን ለበሰ፣ ዱላውን ያዘ፣ ቄሱን ጠራ። እኔ በሩ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር የደረሱት። «አባዬ፣ ይሄ የሰው ቤት አይደለም» አልኩት። «ሰው ካለበት የሰው ቤት ነው» አለኝና ገባ። በሩ ሰፊ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሆነውን ሁሉ አየሁት።

አዛዡ ገና ልጅ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን አለው። ከዋርካው ሥር ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ የፕላስቲክ ወንበሮች አስመጣና «ተቀመጡ ፋዘር፣ እርስዎም አባ» አላቸው። ይሄ «ፋዘር» የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላዋል፤ ልጁ ግን በትሕትና ነበር ያለው።

«ልጄ፣ የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አለው አባቴ። «ልጄን ስጠኝ። ጥፋት ካለበት እኔ ዋስ ነኝ፤ ካሣ ካለ እንክሳለን፤ እርቅ ካለ እንታረቃለን። አንተ የምትለውን በል፤ ምን ይበቃሃል?»

አዛዡ መሬት መሬት አየ። «ፋዘር፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ተቀመጡ። እኔም የሽማግሌ ልጅ ነኝ። መቆምዎት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሺ የማለት ሥልጣን እኔ ጋ የለም።»

«ማን ጋ ነው ታዲያ?»

«ከላይ ነው።»

«ከላይ የት? ወደዚያ እንሂድ።»

አዛዡ ሊስቅ ብሎ ተወው። «እኔም አላውቀውም። ለአጭር ጊዜ ነው ተብለን ነው የመጣን። እነዚያ ሲያልቁ እንሄዳለን።»

«ማለቃቸው በምን ይታወቃል?»

«እኛ ስንሄድ» አለ አዛዡ። አፉ እንዳመጣለት ነው ያለው፤ የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠ።

ቄሱ ወገባቸውን ይዘው፣ አባቴ ዱላው ላይ ተደግፎ፣ የዋርካው ጥላ ዞሮ ፀሐይ ላይ እስኪተዋቸው ቆሙ። ወንበሮቹ ባዶአቸውን ነበሩ። ወታደሮቹ ወጣ ገባ ሲሉ ዓይናቸውን ከእነሱ ይሰብራሉ። መጨረሻ ላይ አዛዡ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ አናገራቸው። ዳገቱ ላይ ያሉት ይህቺን መንገድ ለጥቂት ጊዜ ባይነኳት፣ እሱም ወደ ላይ «አገሩ ረግቷል» ብሎ አንዳንድ ሰው ለማስፈታት አፍ ያገኛል። እሺ ግን አላለም። አባቴ ሳይቀመጥ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ «ግማሽ እሺ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበር፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ፣ ምን ላድርግ።

ወደ ጫካው ሲወጡ እኔ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ ቄሱ ናቸው። የዚያ አካባቢ መሪ የዚያው አገር ልጅ ነው። አባቱና አጎቱ በመሬት ወሰን ተጣልተው አባቴ አስታርቋቸዋል። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ሮጦ ጉልበት ሳመ። «ይቀመጡ» አላቸው። እነሱ አንቀመጥም ሲሉ፣ ልጁ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ ነው? እሱም ቆመ። እሱ ሲቆም ተከታዮቹም ጠመንጃቸውን ይዘው ቆሙ። «ያን ሁሉ ጎረምሳ ዙሪያውን እንደ ጽጌ ማኅሌት አቆምነው» አሉኝ ቄሱ፤ እየሳቁ ጀምረው ሳቁ መሐል ላይ ጠፋባቸው።

«ልጄ፣ ለጥቂት ጊዜ መንገዷን ተዋት። ምን ይበቃሃል?» አለው አባቴ።

«አባቴ፣ እኔ እሺ ብልዎ ማታ ሌላው ወርዶ ይመታታል። ከእኔ ወዲያ ያለው እኔን አይሰማኝም። ያለ እሺታ ላስቀምጥዎ ደግሞ አልደፍርም።»

«እናንተስ መቼ ነው የምትወርዱ?»

«እነሱ ሲሄዱ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ቄሱን ዘወር ብሎ አያቸው። ቄሱም አዩት። ልጁ መጨረሻ ላይ «እኔ በበኩሌ ላንዳፍታ እተዋታለሁ፤ ሌላውን አላውቅም» አለ። ይሄም ግማሽ ነው። አባቴ ሁለቱን ግማሾች ይዞ ዳገቱን ወረደ። በእኛ አገር ሽምግልና ሁለት ግማሽ ሙሉ ይሆናል፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው እሺ ማለት ያቅተዋል ብሎ እንዴት ያስብ? እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳሳት የእኛ አገር ሽማግሌ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ግቢ ሲደርሱ አዛዡ ተቀይሯል። በእሱ ቦታ ጎልማሳ፣ ፂሙን የተላጨ፣ የደነደነ ሰው ተቀምጧል። እኔም በሩ ላይ ነበርኩ። አባቴ የተባባሉትን ሲነግረው ሰውዬው «የምን ውል? ማን ነው የተዋዋለው?» አለ። አባቴ አስረዳ። «ያ ልጅ ተዛውሯል። እኔ የማውቀው ነገር የለም። ደግሞ እርስዎ ጫካ ደርሰው ነው የመጡት?» አለ።

አሁን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እሺ ሊጠይቅ የሄደው ሰው ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ነው። ቄሱ ጋቢውን ጎተት አድርገው «እንሂድ ወዳጄ» አሉት። አባቴ «እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩም አልሄድም» አለ። ሰውዬው «እንግዲያው ይቁሙ» ብሎ ቢሮው ገባ።

ሽማግሌ «ይቁሙ» ሲባል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባቴም ቢሆን ሰምቶ አያውቅም። ወደ በሩ ወደ እኔ ሲያይ ያልገባው ሰው ዓይን ነበረው። ለዚህ የሚሆን መልስ በሽምግልናው ውስጥ የለም። ቢወጣ ልጁን ትቶ መሄዱ ነው፤ ቢቀመጥ ራሱን መሻሩ ነው። ቆመ። ዙህር ደረሰ፣ እዚያው ሰገደ፣ ቆመ። ዐስር ደረሰ፣ ሰገደ፣ ቆመ። እንደዚያኛው ቀን፣ እንደዚያ ደም እንዳደረቀበት ቀን አልቅሶ እሺ የሚል ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። የቢሮው በር አልተከፈተም። እኔ «አባዬ በቃ! ያረቢ፣ በቃህ!» እያልኩ በሩ ላይ ስጮህ፣ ዘበኛው ወታደር «እባክሽ እትዬ፣ እኔንም አታስለቅሺኝ» አለኝ።

ከዚያ ዱላው ቀድሞ ወደቀ፤ አባቴ ተከተለው። ሁለት ወታደሮች ብብቱን ይዘው አነሱትና ባዶው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ውሃ አፈሰሱበት። ዓይኑን ሲገልጥ የተቀመጠበትን ወንበር በእጁ ዳሰሰ። «አስቀመጡኝ» አለኝ። ከቄሱ ጋር ደግፈን ዳገቱን ስናወጣው ሁለታችንም አላለቀስንም፤ ብናለቅስ እሱን ማን ይደግፈዋል?

ወንድሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታ። ማን እሺ እንዳለ አልታወቀም። አንድ ጠዋት ከሌሎች ጋር «ውጡ» ተባሉ፣ ወጡ። ለምን እንደታሰረ እንዳልተነገረው ሁሉ ለምን እንደተፈታም አልተነገረውም። ደስ አለኝ? አዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ መሬት ወድቄ ሳምኩ። የመጣው ልጅ ግን የሄደው አይደለም። ሐይቁ ላይ አይወጣም። በዚህ ቢያልፍ «እንዴት ተፈታህ?» ይሉታል፣ በዚያ ቢያልፍ «ለምን ታሰርክ?» ይሉታል። ከቤቴ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣ ይልጣል። ቀልድ ሲነገር ሳቁን ከሰው በኋላ ይጨምራል። በሩን ክፍት ትቼለት ብሄድ፣ ስመለስ እዚያው ነው።

ባለፈው መንገዱ ተከፍቶ ዳገቱን ወጣሁ። በዚያው ሰሞን ከአባቴ ጎረቤት አንዱ ከወንድሙ ጋር በወሰን ተጣልቶ መጥረቢያ ተማዝዘው ነበርና፣ ሰው አባቴን ለመነው። «እኔ ከእንግዲህ ምን አውቃለሁ» አለ። ቄሱ መጥተው «አንተ ካልሄድክ እኔ ብቻዬን የማን ወገብ ይዤ እቆማለሁ?» ሲሉት ተነሳ። ጉልበቱ መጋዘኑ ግቢ ከወደቀ ወዲህ ደህና ስላልሆነ እኔ ክንዱን ይዤ ሄድኩ።

ጎረቤቱ እልኸኛ ነው። ቤቱን አስጠርጎ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠበቀን። ሊግደረደር ተዘጋጅቷል፤ ሽማግሌዎቹ እንደሚቆሙ፣ እሱ እንደማይሰማ፣ ሚስቱ እንደምታለቅስ፣ ከዚያ እሺ እንደሚል ያውቃል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ፣ ዞር ሳይል።

አባቴ ገባ። ቄሱ እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው ወገባቸውን ያዙ። አባቴ እጄን ለቀቀ፣ ወደ መደቡ ሄደ፣ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ዱላውንም መሬት ላይ አጋደመው።

ጎረቤቱ ዞሮ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ብድግ ብሎ እግሩ ሥር ወደቀ። «አባቴ፣ እሺ! እሺ ብያለሁ! ወሰኑን ይውሰደው፣ ሁሉንም ይውሰደው፤ እርስዎ ብቻ በአላህ ይነሱልኝ፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ» እያለ ጉልበቱን ያዘ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቄሱም በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

አባቴ የሰውዬውን ራስ በእጁ ዳበሰ። «አብሽር ልጄ» አለው። «ስማኝ ብቻ፤ ተቀምጬም እነግርሃለሁ።»